በክር የተሰፋችው እንጥል

ኣስመረት ከፌልት ጨርቅ የሠራችው ሰውነት ሁሉ ይነቀላል። ልቡ ይነቀላል፣ ሳንባው ይነቀላል፣ ጉበቱና ኩላሊቱም ልጅ እየነቀለ መልሶ እንዲለጥፋቸው ቬልክሮ በሚባለው ተለጣፊ ጨርቅ ተያይዘዋል። የማትነቀል አንዲት ነገር ብቻ ናት። የትንሽ ጣት ጫፍ የምታክል ቀይ ቁራጭ ስትሆን፣ በድርብ ክር ተመላልሶ ተሰፍታለች። ንቀያት ያላት ሰው ብዙ ነው። አልነቀለችም። እኔም የምጽፈው እንዴት እንዳልነቀለቻት ነው።

ኣስመረት ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ናት። እሷ የሰው ቤት ምድር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፣ እኔ ከመንገዱ ማዶ ከልጄ ጋር። አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ በአማርኛ የተማረች፣ መርካቶ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ብዙ ዘመን የኖረች ሴት ናት። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜ ኤርትራዊ ነሽ ተብላ ከልጇ ከፊሊሞን ጋር በአውቶቡስ ስትጫን፣ ጎረቤቶቿ «አልቅሺ እንጂ፣ ምናልባት ይራሩልሻል» አሏት። እሷም «ማልቀሱ ይቆየኝ። ማሽኑ ላይ ያላለቀ ዩኒፎርም አለ፣ ጨርሳችሁ ለልጁ ስጡልኝ» ብላ ወጣች። ይህን ያወራልኝ ፊሊሞን ነው፤ እሷ ስለራሷ አታወራም። ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን ካልጋሪ። እዚህም ጉልበቷ እንቢ እስኪላት ድረስ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ኖራለች።

ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ነው ያረጀሁት። እሷ ከትርፍራፊ ፌልት ሀሁን ቆርጣ ጠረጴዛው ላይ እየደረደረች «ዳብሺው ተናኘ፤ በጣትሽ ካወቅሽው ዓይንሽ አይረሳውም» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። እስከ ዛሬ «ጠ»ን ስጽፍ ሻካራው ጨርቅ ጣቴ ላይ ይመጣብኛል።

ፌልት ማለት ሳይሸመን ተጨፍልቆ የተጣበቀ ጨርቅ ነው። ሲቆርጡት አይተረተርም፣ ጠርዙን መዘምዘም አያስፈልግም። ኣስመረት ርካሽ ዕቃ ከሚሸጥበት ከዶላር ስቶር በየቀለሙ እየገዛች ታስቀምጠዋለች። ከሱ ሰውነት መሥራት የጀመረችው በልጅ ልጇ በፊዮሪ ሕመም ምክንያት ነው። ፊዮሪ ያኔ ሕፃን ነበረች። ታመመችና «ሆዴን» አለች። የት ጋ ነው ሲሏት «ሆዴን»። ሐኪም ቤት ስትወሰድም ያው እምብርቷን ታሳያለች። የቆሰለው ሳንባዋ መሆኑ የታወቀው ሲከርም ነው።

ልጅቱ ዳነች፤ ኣስመረት ግን ንዴቷ አልበረደላትም። በሐኪሙ አይደለም፣ በኛ ነው የተናደደችው።

«እኛ ቤት ራስ አለ፣ እግር አለ፣ በመካከል ያለው ሁሉ ሆድ ነው» አለችኝ። «ስንራብ ሆድ፣ ስንከፋ ሆድ፣ ሳንባችን ሲቆስልም ሆድ። ታዲያ ልጅቱ ከየት ታምጣው?»

ሳይሰነብት የመጀመሪያውን ሰደርያ ሰፋች። ልጅ ይለብሰዋል፤ ደረቱ ላይ ሐምራዊ ሳንባ፣ በሳንባው መካከል ልብ፣ ከሥሩ ቡናማ ጉበት፣ እንደ ባቄላ የጎበጡ ኩላሊቶች ይለጠፉበታል። አንጀቱን ረጅም አድርጋ ስለጎነጎነችው አንድ ልጅ ጫፉን ይዞ ሲሮጥ ከግድግዳ ግድግዳ ይደርሳል። የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ በሚከራየው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆች የአማርኛ ክፍል አለና ይዛው ገባች። ከዚያ ወዲህ አንዱ ልጅ «ጉበቴን መልስልኝ!» እያለ በኮሪደሩ ሲሮጥ የሚገርመው ሰው ጠፋ።

ቀጥሎ አፍ ልሥራ አለች። የሶፋ ትራስ የሚያክል፣ እጅ የሚያስገባ ትልቅ አፍ። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆማ የራሷን አፍ እየከፈተች፣ ባየችው መጠን በልብስ ሰፊ ጠመኔ እየሣለች ቆረጠችው። ጥርሱ ነጭ፣ ምላሱ ሮዝ፣ ላንቃው ትንሽ ጠቆር ያለ። አምሮ አለቀ። እኔም አድንቄላት ነበር።

ፊዮሪ መጥታ ራሷን አፉ ውስጥ አስገብታ አየችና ወጣች። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ምላሷም ስል ሆኗል። ኣስመረትን በአባቷ ወገን እንደሚባለው «ዓባየይ»፣ አያቴ፣ ነው የምትላት።

«ዓባየይ፣ አንድ ነገር ረስተሻል።»

«ምን ረሳሁ?»

«ያ የሚንጠለጠለው። ኋላ ጋ ያለው፣ ላይክ… ትንሽ ጣት የሚመስለው።»

«እንደሱ ያለ ነገር የለም። የኔን እያየሁ ነው የሠራሁት።»

«እስቲ ክፈቺ።»

ኣስመረት አፏን ከፈተች። ፊዮሪ የስልኳን መብራት አብርታ እስከ ጉሮሮዋ ድረስ አየች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ የለሽም! የኔን እይ፣ አአአ…»

ኣስመረት አየች። እኔም አጎንብሼ አየሁ። ከላንቃው ጫፍ አንዲት ቀይ እርጥብ ነገር ተንጠልጥላ ትርገበገባለች። እንጥል ናት። ስሟን የማያውቅ የለም። ግን እኛ ዘንድ እንጥል ስሟ የሚጠራው ስትቆረጥ ነው። በአራስነታችን ከአፋችን ስለወጣች፣ ኣስመረት በራሷ አፍ ልክ የሠራችው አፍም ያለ እንጥል ቀረ። ይህን ስሕተት እንደኛ ያለ ሰው ካልሆነ ማን ይሳሳተዋል?

ፊዮሪ ነገር መደበቅ አትችልም። በቅዳሜው ለጓደኞቿ ነገረቻቸው፤ የልጅ ልጆቻቸውን የሚጠብቁትን አረጋውያን ወንበር ላይ ደርድረው ምርመራ ጀመሩ።

«እማማ ተናኘ፣ አፍ!»

ከፈትኩ።

«የላትም! ቀጥሎ ጋሽ ወልዴ!»

ጋሽ ወልዴ ሲከፍቱ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ወልቆ ጭናቸው ላይ ወደቀ። ልጆቹ ጮኹ። እሳቸውም ጥርሳቸውን ሳይመልሱ «እሱም የለኝም፣ እሱም የለኝም!» እያሉ አብረው ሳቁ። አንዲት ሕፃን ከልቧ አዝና «ማን ሰረቃችሁ?» ብላ ጠየቀች።

በዚህ መካከል የፊሊሞን ሚስት ዘሪቱ ከሥራ ወጥታ ፊዮሪን ልትወስድ ገባች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሕፃኑን ልጇን ኣሉላን ከቤት ወስዳ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

«ማሚ አንቺም ክፈቺ!»

ዘሪቱ እየሳቀች ከፈተች። ፊዮሪ አበራች። አበራችና ሳቋ ቆመ።

«ማሚ… አንቺም የለሽም።»

«አለኝ እንጂ።»

«የለሽም።»

ዘሪቱ ሕፃኑን ለኔ ሰጥታ ስልኩን ይዛ መጸዳጃ ቤት ገባች። ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ቤቱ ሌባ ገብቶ ዕቃው የጎደለበትን ሰው ይመስል ነበር። ልጇን ተቀብላኝ ፊዮሪን ይዛ ሄደች።

በማግስቱ እሑድ ከጉባኤ በኋላ ካስልሪጅ በሚባለው ሰፈር፣ እነ ፊሊሞን ቤት ምሳ ተጠራን። የዘሪቱ እናት እትዬ ሽታዬ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸውም ትልቅ ነው። ልጆቹን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ኣሉላን ሲያቅፉት ለሌላ ሰው መስጠት አይሆንላቸውም። ምግቡ ገና ሲቀርብ ዘሪቱ ጠየቀች።

«እማዬ፣ እንጥሌን አስቆርጠሽኛል?»

«አዎ። ገና በአራስ ቤት።» እትዬ ሽታዬ እንደ መልካም ሥራ ነው የተናገሩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እምብርትሽ መቆረጡንስ ነግሬሻለሁ?»

ፊሊሞን ሊስቅ ብሎ የሚስቱን ፊት አይቶ ተወው። በዚህ ጊዜ ኣሉላ ሳለ። ከሰነበተ ጉንፋን የቀረች ደረቅ ሳል አለችው። እትዬ ሽታዬ ጣታቸውን አነሡ።

«ይኸው! ሰማችሁት? እንጥሉ ነው። ወርዶ ጉሮሮውን ሊዘጋበት ነው። አይዞህ የኔ ጌታ፣ ሐምሌ ላይ አገር ስንገባ የማውቃት ሴትዮ አለች፣ እጇ ብሩክ ነው። አንድ አፍታ ናት።»

ለሐምሌ ትኬት ተቆርጦ ነበር። ዘሪቱ ሁለቱን ልጆችና እናቷን ይዛ አዲስ አበባ ልትሄድ፣ ፊሊሞን ግን የጭነት መኪና ሥራው ስለማይለቀው ሊቀር ነው። ኣስመረትም አትሄድም። ያ ልጅ እሷ በሌለችበት አገር አፉ ሊከፈት ነው።

ኣስመረት የጎረሰችውን ዋጠች። እጇንም በጨርቅ ጠረገች።

«አይቆረጥም፣ እትዬ ሽታዬ።»

«ምን አልሽ?»

«የኣሉላ እንጥል አይቆረጥም አልኩ።»

«ያንቺስ ተቆርጦ የለ? ሞትሽ?»

«እኔ አልሞትኩም። ወንድሜ ሞቷል።»

ይህን እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ድምፅዋን ሳታነሣ ነገረቻቸው። ወንድሟ አራስ ነበር፤ ቆራጩ መጣ፤ በፈረስ ጭራና በቆልማማ ብረት ቆረጠው። ልጁ ደም እየዋጠ አደረና ረፋድ ላይ አረፈ። «አዘግይታችሁት ነው፣ ቀድሞ ፈርጦበት ነው» ተባለ። እናቷም አመነች።

«ጨርቁን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች ኣስመረት። «ልጅ ነበርኩ፣ ግን ደሙ መቼ መፍሰስ እንደጀመረ አውቃለሁ። ከብረቱ በፊት አልነበረም።»

እትዬ ሽታዬ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። የተሸነፉ መስሎኝ ነበር። አልተሸነፉም።

«የኔ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ ሳላስቆርጥለት ነው የሞተው» አሉ። «ከዘሪቱ በፊት ነው። ባሌ ነገ ከነገ ወዲያ ሲል፣ ጉሮሮው አብጦ እቅፌ ላይ ቀረ። ያንቺ ወንድም ወንድም ነው፣ የኔ ልጅ ልጅ አይደለም? ዳግመኛ ቁጭ ብዬ ሳል እንድሰማ ነው የምትፈልጊው?»

«እስቲ ተረጋጉ» አለ ፊሊሞን፤ «ሐምሌ ገና ሩቅ…»

«አንተ ዝም በል!» አሉት ሁለቱም ባንድ አፍ።

የዘሪቱ ምላስ ላንቃዋን ሲፈትሽ በጉንጯ በኩል አያለሁ። አንድ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ደጋግማ ወደ ኋላ ትልከዋለች።

ሰኞ ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው እየቀለጠ በየበሩ ሲፈስ፣ ጫማዬን አርጥቤ ኣስመረት ቤት ወረድኩ። ቀይ ፌልት ቆርጣ እንጥል እየሠራች ነበር። ትንሽ ጥጥ ሞልታባት ወፈር አደረገቻት። ቬልክሮውን አቀበልኳት።

«ይህች በሱ አይደለም» አለችኝ።

«ሌላው ሁሉ ይነቀል የለ?»

«ሌላው ይነቀል፣ ይመለሳል። ይህች ከተነቀለች የሚመልሳት የለም።»

ጫፉን በከንፈሯ አርጥባ ድርብ ክር በመርፌው አስገባች። ላንቃው ላይ አስቀምጣ ትሰፋት ጀመር። እየሰፋች ስለ ኣሉላ ተናገረች። ፊሊሞንን ለምኜው ነበር አለች፤ «እማ፣ የሴቶች ነገር ነው፣ ከዘሪቱ እናት አታጣዪኝ» ብሎ አለፋት። ዘሪቱን መለመን ግን አልፈልግም አለች። «በልመና የገባ ነገር በልመና ይወጣል። ራሷ ታስበው።»

ቅዳሜ አፉን ይዛ ገባች። ልጆቹ እንጥሏን አይተው እልል አሉ፤ ሁሉም በየተራ እጁን አስገብቶ ጎተታት። አልተነቀለችም። ይህም ደስ አላቸው። ችግሩ የመጣው ከጥያቄያቸው ነው። ቤታቸው ገብተው አያቶቻቸውን «ማን ቆረጠሽ? አለቀስሽ? የት ጣሉት?» ይሏቸው ጀመር። አንዳንዱ አያት እየሳቀ ተረከ። አንዳንዱ ግን ነውር እንደተነገረበት ተቆጣ። እትዬ ሽታዬም ከሚቆጡት ጋር ሆነው የልጆችን አገልግሎት ለሚመሩት ለሽማግሌው ለጋሽ ሙሉጌታ አቤት አሉ። ባገሬ ልማድ በልጅ ልጆቼ ፊት አዋረደችኝ፣ ነገሩን ታንሣው አሉ።

ጋሽ ሙሉጌታ ለሰው የሚጠነቀቁ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉ ውስጥ ገብተው በልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ጎንበስ ብለው ተቀመጡ።

«እህት ኣስመረት፣ ተባረኪ። ሥራሽ ለልጆቻችን በረከት ነው። ሳንባው፣ ልቡ፣ ሁሉም ግሩም ነው።»

«አሜን።»

«አሁን ይህችን አንዲት ነገር… ለሰላም ስንል ብናወጣት ምን ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም።»

እሳቸው ፈገግ ብለው እጃቸውን ወደ አፉ አስገቡ። ጎተቱ። ትራሱ በሙሉ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ተከተላቸው። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ።

«ተሰፍቷል እንዴ?»

«ተሰፍቷል።»

«መቀስ ይኖርሻል?»

«አለኝ፣ ጋሼ። ግን አይዋስም።»

«ለአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ብለሽ ከሰው ትጣያለሽ?»

«እርስዎስ ለአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ብለው አይደለም የመጡት?»

ጋሽ ሙሉጌታ ተነሡ። ፊታቸው ቀላ። ቀስ ብለው ነገር ግን ቁርጡን ተናገሩ፤ ወይ ይወጣል፣ ወይ ይህ ሁሉ ዕቃ ከክፍሉ ይወጣል።

ኣስመረት አልተከራከረችም። አንጀቱን እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ሰደርያዎቹን በክንዷ፣ አፉን በብብቷ አደረገች። ወጥታም ኮት በሚሰቀልበት ኮሪደር፣ የጫማ መቀየሪያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እኔም መርፌና ክሯን ይዤ ተከተልኳት፣ ጎኗም ተቀመጥኩ።

«ኮሪደሩስ የሳቸው ነው?» አለችኝ።

«የኮት ነው» አልኳት።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና አንድ ልጅ ብቅ አለ። ጋሽ ሙሉጌታ ከውስጥ «ወዴት ነው?» ሲሉት ሰማን። ልጁ በተሰባበረ አማርኛው «ጉበቴ እሷ ጋ ነው» አላቸው። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላዋ። ሁሉም የሚወስደው የሰውነት ክፍል ነበረው። ኮሪደሩ በጫማና በልጅ ተሞላ። ኣስመረት አፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጥርስ ጀመረች፤ ምላስ፣ ላንቃ፣ እንጥል። «እንጥል ምን ትሠራለች?» አለቻቸው። «ስንውጥ ምግቡ ወደ አፍንጫችን እንዳይወጣ ትረዳለች። ሌላም ትሠራለች ይላሉ፣ እኔ ያላወቅኩት። ካላወቅን ደግሞ አንቆርጥም።»

ዘሪቱ ኣሉላን ይዛ፣ እትዬ ሽታዬ ከኋላዋ፣ በዋናው በር የገቡት ያን ጊዜ ነው። መኪናውን ፓርክ አድርገው በረዶ ከእግራቸው እያራገፉ መጡና ኮሪደሩን ሲያዩ ቆሙ። ጋሽ ሙሉጌታም በክፍሉ በር ላይ ቆመዋል። ኣሉላ ሳለ።

ዘሪቱ በልጆቹ መካከል አልፋ መጣችና ወለሉ ላይ ተንበረከከች። አንድ እጇን ወደ ፌልቱ አፍ አስገብታ ያችን ቀይ ነገር ያዘቻት። ጎተተቻት። እንደገና ጎተተቻት።

«እማማ» አለቻት አማቷን፤ «ይህችን ብቻ ለምን ሰፏት?»

«የኔን ማንም ሳይጠይቀኝ ቆረጧት» አለች ኣስመረት። «የዚችን ጠየቁኝ። እንቢ አልኩ።»

ዘሪቱ ተነሥታ ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች።

«እማዬ፣ የኔንም አልጠየቅሽኝም። ሕፃን ነበርኩ፣ ይሁን። ኣሉላም ገና አፉን አልፈታም። ስለሱ የሚጠየቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።»

«እና ምን ልትይ ነው?» አሉ እትዬ ሽታዬ።

«እንቢ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

እትዬ ሽታዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ተመልሰው ወጡ። መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ ቀጥ ብለው ወደፊት ያያሉ፣ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። እየጸለዩ ይሁን እየረገሙ አላውቅም። ያ በእቅፋቸው የቀረው ልጅ ትዝ እያላቸው እንደሆነ ግን አልጠራጠርም። ኣስመረትም አይታቸዋለች። ሄዳ የመኪናውን መስኮት አንኳኳችና የኣሉላን ኮፍያ ሰጠቻቸው። ተቀበሏት።

ሐምሌ ገባ፣ ሄዱ። ኣስመረት ለፊዮሪ መዳፍ የምታክል ትንሽ አፍ ሠርታ የቦርሳዋ ዚፕ ላይ አንጠልጥላላታለች፤ እሷም ውስጥ እንጥል የሆነች ቀይ ክር አለች። ከዚያ በኋላ ኣስመረት ስልኳን ከእጇ አልለየችም። ቀን ቀን አብሬያት እቀመጥ ነበር። መቀሱን ታነሣለች፣ ሳትቆርጥ ታስቀምጣለች። «ዘሪቱ አንድ ናት፣ እዚያ ያሉት አንድ መንደር ናቸው» አለችኝ አንድ ጊዜ። ከዚያ በቀር ፍርሃቷን አልተናገረችም።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ቪዲዮ ነበር። የእትዬ ሽታዬ ግንባርና አንድ ዓይናቸው ስክሪኑን ሞልቶት ታየ።

«ኣስመረት! ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ፣ እትዬ።»

«ክረምቱ ብርድ ነው፣ ልጁ ደግሞ ሳለ። ዘመዱ ሁሉ እንጥሉ ነው አለ። እህቴ ያችን ሴትዮ ጠራቻት። ይህን እኔ አላደረግኩም፣ እወቂልኝ።»

ኣስመረት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «እና?»

«እና ምን! ልጅሽ ዘሪቱ ሁለቱን ልጆች ይዛ መኝታ ቤት ገብታ ቆለፈችው። 'ይህን በር የሚሰብር ይስበር' አለች። ያቺ ፊዮሪ ደግሞ ከውስጥ ትጮሃለች፣ 'አፍ አትክፈቱ፣ አፍ አትክፈቱ' ትላለች። ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ወዲያም ወዲህም።»

«ከዚያስ?»

እትዬ ሽታዬ ስልኩን ትንሽ አራቁት። ፊታቸው ሙሉ ታየ።

«ሴትዮዋን ሸኘኋት። 'የልጁ እናት እንቢ ብላለች' አልኳት። ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ!»

«አይመስለኝም።»

«ሐኪም ቤትም ወሰድነው፣ ጉንፋን ነው አሉ። አሁን ተሽሎታል። ቆይ…» ስልኩ ተገለባበጠ፤ ጣሪያ ታየ፣ የፊዮሪ ሹሩባ ታየ፣ ከዚያም ያ አፍ መጣ። ኣሉላ ሳቅም ልቅሶም ያልለየለት ጩኸት እየጮኸ ነው፤ እትዬ ሽታዬ አገጩን በጣታቸው ይዘው፣ ፊዮሪ በሌላ ስልክ አብርታለታለች። ከላንቃው ጫፍ አንዲት ቀይ ነገር በጩኸቱ ትርገበገባለች።

«ይኸው! ተንጠልጥላልሻለች፣ ደስ ይበልሽ! ነገ ቢያንቀው ግን የምጠይቀው አንቺን ነው!»

«ይጠይቁኝ፣ እትዬ» አለች ኣስመረት። «የትም አልሄድም።»

ስልኩ ሲዘጋ መቀሷን አነሣች፣ ሮዝ ጨርቅ ዘረጋች፣ ለሌላ አፍ ምላስ መቁረጥ ጀመረች።

ጋሽ ሙሉጌታ ክፍሉን እስከ ዛሬ አልፈቀዱላትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሪደሩ ላይ ናት። ከአገር የተመለሱት እትዬ ሽታዬም ይመጣሉ፣ ኣሉላን አቅፈው ኮቶቹ ሥር ይቆማሉ፣ አይቀመጡም። አዲስ የመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው እጁን አፉ ውስጥ አስገብቶ ያችን ቀይ ቁራጭ መጎተት ነው። ብዙ እጅ ስለነካት ጠጉር አውጥታለች፣ ቀለሟም ለቋል። ባለፈው ቅዳሜ ኣስመረት ስትፈትሻት ክሩ ላላ ብሎ አገኘችው። እዚያው መርፌ ተቀብላኝ፣ ልጆቹ ዙሪያዋን እንደከበቧት፣ ሌላ ስፌት ጨመረችበት።